ጎመን ዘሬን ክሽክሽ ፈጀብኝ፤ ዘንድሮ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከደብረ ታቦር አካባቢ ነው። 26 ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር ሁለት ጥማድ መሬት እናርሳለን። አምና ጎመን ዘር ዘራን። መሬቱ ላይ ድንች ስለነበር እስኪነሳ ዘገየንና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው የዘራነው። ቡቃያው ያምር ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማበብ ሲጀምር ግን ጫፉ ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ደቃቅ ተባይ ነው። ከገበያ ማንኮዜብ የሚባል መድኃኒት ገዝቼ ሁለቴ ረጨሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ከሁለቱ ጥማድ አንድ ኩንታል እንኳ አልሞላልንም። እናቴ ‹እኛ ድሮ ቅጠሉን እየበላን ነበር የምናሳድገው፤ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም› ትለኛለች። ዘንድሮ ደግሜ ልሞክር ወይስ ልተወው? ደግሞ ሰናፍጭና ጎመን ዘር አንድ ናቸው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?»

ምላሽ፦

አትተወው። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። አምና የደረሰብህ ጥፋት ምክንያቱ ከደብዳቤህ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አብዛኛውም በእጅህ የሚስተካከል ነው። አሁን ግንቦት ላይ ስለሆንን ጊዜው አላመለጠህም።

መጀመሪያ የሰናፍጩን ጥያቄ እንጨርስ። አንድ አይደሉም፣ ግን የሥጋ ዘመድ ናቸው። ሰናፍጭ የምንለው፣ በጾም ተፈጭቶና ተበጥብጦ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ዘሩ ደቃቅና ጠቆር ያለ ነው። ዛላው አጭር ሆኖ ግንዱ ላይ ልጥፍ ይላል፤ ሲደርቅም ቶሎ ይፈነዳል። ጎመን ዘር ደግሞ የሰናፍጭና የጎመን ልጅ ነው። ይህን አባባል ለማሳመር አላልኩትም፤ እውነተኛ የዘር ሐረጉ ነው። በጃፓን ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ እ.ኤ.አ. በ1935 እነዚህ ተክሎች እንዴት እንደሚዛመዱ አሳይቷል። ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞሶም (የዘር ባሕርይ የሚሸከም ደቃቅ ክር) አለው። ጎመን 9 ጥንድ አለው። ጎመን ዘር ሁለቱንም ጠቅልሎ ወስዶ 17 ጥንድ ሆነ። የሁለቱንም ወላጆቹን ባሕርይ ወረሰ ማለት ነው።

አገሩም እዚሁ ነው። ዓለም «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ነው የሚለው። እናቶቻችን ዘሩን ወቅጠው ምጣድ የሚያሰሱበት ይህ ተክል ዛሬ በሌላው ዓለም ለአውሮፕላን ነዳጅ ይዘራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከዚህ ተክል ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። በ2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ሲበር ከነዳጁ የተወሰነውን ከዚሁ ዘር አደረገ። ይህን የምነግርህ የናቅነውን ነገር ዋጋ እንድታውቅ ብዬ ነው። በአርሲ፣ በባሌ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በሸዋ ደጋዎች በየጓሮው ያለ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ችግርህ።

አመድ የተነሰነሰ የመሰለህ ተባይ ክሽክሽ ነው፤ በተለይም የጎመን ክሽክሽ የሚባለው። አመድ ያልከው ራሱ ከሰውነቱ የሚያወጣው የሰም ዱቄት ነው። የዚህን ተባይ ጠባይ ካላወቅህ በማንኛውም መድኃኒት አታሸንፈውም፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝርልህ።

ሴቷ ወንድ አያስፈልጋትም። እንቁላልም አትጥልም። የሞላ ልጅ ነው የምትወልደው፤ የተወለደችውም ሴት ናት። አንዷ በዕድሜዋ 30 እና ከዚያ በላይ ልትወልድ ትችላለች። አየሩ ሞቅና ደረቅ ሲል ልጆቿ በ10 ቀን ገደማ ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። እስኪ አስበው። አንዷ 30 ብትወልድ፣ ሠላሳዎቹ እያንዳንዳቸው 30 ቢወልዱ 900 ነው። ዘጠኝ መቶዎቹ ደግሞ 27,000 ይሆናሉ። ሁሉም እንደማይተርፉ እውነት ነው፤ ግን አንድ ወር ከምናምን ውስጥ የምታየው ነገር ከዚህ ስሌት ብዙም የራቀ አይደለም። አምና ድንገት የወረሰው የመሰለህ ለዚህ ነው። ድንገት አልመጣም። ከሁለት ሳምንትም ከሦስት ሳምንትም በፊት እዚያው ነበረ፤ በአንድ ሁለት ተክል ላይ፣ በቅጠል ሥር፣ በእምቡጡ መሐል ተደብቆ።

ክሽክሽን እኛ ከምንሠራው ሁሉ በላይ የሚያጠፋው ዝናብ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ያጥበዋል፣ ያረግፈዋል። በክረምት ጎመን ላይ እምብዛም የማታየው ለዚህ ነው። ዝናቡ ሲያቆም፣ ፀሐይ ሲወጣና ተክሉ ለስላሳ የአበባ አንገት ሲያወጣ የክሽክሽ በዓል ነው።

አሁን የዘራህበትን ቀን ተመልከት። በእናንተ ደጋ ጎመን ዘር ለማበብ ከ80 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዘርተህ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አበበልህ። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ማለት ነው። ተክልህ በጣም ለስላሳ በሆነበት ሰዓት ጠላቱ በጣም ብርቱ ሆኖ ጠበቀው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ብትዘራ ኖሮ መስከረም ላይ ከአደይ አበባ ጋር እኩል ያብብ ነበር። የመስከረሙ ዝናብ እምቡጡን እያጠበልህ ክሽክሹ ሳይበረታ ዛላው ይጠነክር ነበር። ዛላው አንዴ ከጠነከረ ክሽክሽ ቢመጣም ጉዳቱ ትንሽ ነው።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ይህንን ነው የምናገረው፤ የጎመን ዘር ክሽክሽ የሚሸነፈው በሚዘራበት ቀን ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለው ጊዜ ዝራ። የድንቹ መሬት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ካልተለቀቀልህ ለዘር ብለህ አትዝራበት። እዚያ ላይ ሌላ ነገር ዝራና ለጎመን ዘሩ ቀድሞ የሚለቀቅ ቦታ ፈልግ፣ አንድ ጥማድ እንኳ ይሁን። በወቅቱ የተዘራ አንድ ጥማድ ዘግይቶ ከተዘራ ሁለት ጥማድ የተሻለ ይሰጥሃል።

ስለ ማንኮዜቡ። ይህን ሳነብ ልቤ አዘነ። ማንኮዜብ የሻጋታ በሽታ መከላከያ ነው። ድንችን ከሚያደርቀው በሽታ ለመጠበቅ የሚረጭ ነው። ነፍሳት አይገድልም። ሁለት ጊዜ ሳይሆን አሥር ጊዜ ብትረጨው ክሽክሹ ምንም አይሆንም። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። የሸጠልህ ሰው «ለምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅህ ይገባ ነበር። ከአሁን በኋላ ግን አንድ ልማድ ያዝ። ወደ ሱቅ ስትሄድ የታመመውን ቅንጣቢ በላስቲክ ይዘህ ሂድ። ዕቃው ላይ «ፀረ ተባይ» ነው ወይስ «ፀረ ፈንገስ» የሚለው የተጻፈው፣ አንብብ። ካላወቅህ ገንዘብህን አታውጣ፤ መጀመሪያ የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ።

እናትህ ያሉት ነገር ደግሞ ትልቅ እውነት አለው። «ቅጠሉን እየበላን ነው የምናሳድገው» ሲሉ የሚገልጹት እኛ ማሳሳት የምንለውን ሥራ ነው። ጎመን ዘር ደቃቅ ነው። በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ250,000 በላይ ፍሬ አለ። በሁለት ጥማድ፣ ማለትም በግማሽ ሄክታር ገደማ፣ 5 ኪሎ ብትበትን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 250 ፍሬ ገደማ ይወድቃል። ለመጨረሻ የሚያስፈልግህ ግን ከ30 እስከ 40 ተክል ነው። ሌላው ሁሉ እየተነቀለ ለወጥ መዋል አለበት። ካልተነቀለ ይቀጥናል፣ ብርሃን ያጣል፣ አየር አይገባበትም። በቅጠሉ ሥር ያለውንም አታየውም። የድሮ ሰው በየሁለት ሦስት ቀኑ ለጎመን ብሎ ማሳው ውስጥ ይገባ ነበር። ስለዚህ ክሽክሹን ገና አንድ ቅጠል ላይ ሳለ ነበር የሚያገኘው። ቆርጦ ይጥለዋል። በቃ። ዛሬ እኛ አሰሳ ብለን በስልጠና የምናስተምረው እናትህ በእንቅብ ይሠሩት የነበረውን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። በመስመር ዝራ፤ በመስመርና በመስመር መሐል 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ወይም ከተነፋ አፈር ጋር ቀላቅለህ ብታንቆረቁረው እኩል ይወርድልሃል። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበረው። አፈሩን በደንብ አለስልሰው፤ ጓል ያለበት መሬት ላይ ግማሹ አይበቅልም። ውኃ የሚቋጥር ቦታ ካለህ ማፋሰሻ አውጣለት፣ ሥሩ እርጥበት ሲበዛበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከበቀለ በሦስተኛው ሳምንት ማሳሳት ጀምር። ከሥሩ ንቀል እንጂ የሚቀረውን ተክል ቅጠል አትግፈፍ። በተክልና በተክል መሐል 10 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ቀስ በቀስ እየነቀልክ ብላ፣ ሽጥም። ግንዱ መመዘዝ ከጀመረ በኋላ ቅጠል መልቀም አቁም።

ጎመን ዘር ፍግ ይወዳል። ከጓሮ አጠገብ ያለው ሁልጊዜ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ድኝም ይፈልጋል፤ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ ስላለበት ለዚህ ሰብል የተስማማ ነው። መጠኑን ከአፈርህ ጋር አያይዞ ባለሙያው ይንገርህ። ዩሪያን ግን በአንዴ አታፍስስበት። ዩሪያ የበዛበት ተክል ይለሰልሳል፣ ጭማቂው ይጣፍጣል፤ ክሽክሽ ደግሞ የሚፈልገው ያንን ነው። ግማሹን ከአረም በኋላ ስጠው።

ቡቃያው ገና ሁለት ቅጠል ሳለ ሌላ ጠላት አለ። እንደ ቁንጫ የምትዘል ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ናት። ቅጠሉን በመርፌ የተወጋ አስመስላ ትበሳሳዋለች። ሰኔ ላይ ዝናቡ ለአንድ ሳምንት ከተቋረጠ ትበረታለች። ቡቃያው አራት አምስት ቅጠል ካወጣ ያመልጣታል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የተነፋ አመድ መነስነስ በትንሽ ማሳ ላይ ይረዳል። ዘር ጠበቅ አድርጎ መዝራትም አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ እሷ የድርሻዋን ብትወስድም ለአንተ ይተርፋል።

ከነሐሴ ጀምሮ በየአምስት ቀኑ ማሳውን ዞረህ እይ። ዳር ዳሩን ብቻ አይደለም፣ መሐል ግባ። አምስት ቦታ ቁምና በየቦታው አሥር ተክል ተመልከት። የቅጠሉን ጀርባ ግለጥ፣ የእምቡጡን ጫፍ በጣትህ ፈልቀቅ አድርገህ እይ። ከሃምሳው ሁለት ሦስቱ ላይ ብቻ ካገኘህ ጫፉን ቆርጠህ ላስቲክ ውስጥ ጨምረህ አውጣና ቅበር። መሬት ላይ አትጣለው፤ ክንፍ ያላቸው አሉባቸውና ተመልሰው ይወጣሉ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ከአሥሩ ተክል ሁለቱ ላይ ከተገኘና ዝናብ የማይጠበቅ ከሆነ መርጨት ነው።

ግን ከመርጨትህ በፊት ሌላም ነገር እይ። በክሽክሹ መሐል ያበጡ፣ ቡናማ ሆነው የደረቁ አሉ? እነዚያን ያደረቀቻቸው ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ናት። በእያንዳንዱ ክሽክሽ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ በልቶት ይወጣል። ጥቁር ነጥብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛም አለች፤ እሷም ልጆቿም ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ይበላሉ። እነዚህን በብዛት ካየህ ለጥቂት ቀን ታገስ። በማሳው ዳር ድንብላል ብትዘራ ደግሞ አበባው እነዚህን ወዳጆች ይጠራልሃል። ድንብላሉንም ገበያ ታወጣዋለህ።

መርጨት ግድ ከሆነ በሳሙና ጀምር። በ10 ሊትር ውኃ ከ100 ግራም ያልበለጠ ደረቅ የልብስ ሳሙና ፍቀህ በደንብ አሟሟው። የዱቄት ሳሙና አትጠቀም፣ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ ጥቂት ተክል ላይ ሞክረህ በሁለተኛው ቀን እይ። ሳሙናው ያንን የሰም ዱቄት ሰብሮ ይገባል። የነካውን ብቻ ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ መርጫውን ከሥር ወደ ላይ አድርገህ የቅጠሉን ጀርባና እምቡጡን አርጥበው። በአምስት ቀኑ ድገመው። የኒም ፍሬ የምታገኝ ከሆነም ተወቅጦና አድሮ የተጣራው ውኃ ጥሩ ነው።

በአገራችን ለክሽክሽ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኬሚካል ዳይሜቶኤት ነው። ይሠራል። ተክሉ ውስጥ ገብቶ በጭማቂው በኩል ስለሚገድል የተደበቀውንም ያገኛል። ነገር ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቃዱን አላድስም ብሎታል፤ ለሚበላ ሰው ያሰጋል፣ ንብንም ይፈጃል። ስለዚህ የመጨረሻ ምርጫህ ይሁን። ከረጨህ ቅጠሉን አትብላ፣ ለከብትም አትስጥ። አበባ ከፈካ በኋላ ፈጽሞ አትርጭ። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍ መሸፈኛ ይኑርህ፤ ነፋስ ወደ አንተ እየነፈሰ አትርጭ። ባዶውን ዕቃ ለውኃም ለዘይትም ማንም እንዳያነሳው በስተህ አስወግደው።

ስለ ንብ የምናገረው ከደረሰብኝ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ገበሬ በአበባ ወቅት፣ በጠራራ ፀሐይ እንዲረጭ ነገርኩት። ክሽክሹ ሞተ። በማግስቱ የጎረቤቱ ቀፎዎች በር ላይ የሞቱ ንቦች እንደ ጤፍ ፈስሰው አየሁ። ሰውየው ምንም አልተናገረኝም። ቆሞ ብቻ አየኝ። ጎመን ዘር በራሱ ዱቄት ፍሬ መያዝ ቢችልም ንብ የጎበኘው ማሳ የተሻለ ዛላ ይይዛል፤ ማሩም የሚወደድ ነው። የጎረቤትህን ቀፎ እንደ ራስህ ማሳ ቁጠረው።

ቅጠል የሚበላ ትልም አይጠፋም። በተለይ አረንጓዴ፣ ሲነኩት እየተንቀጠቀጠ በክር የሚንጠለጠለው ዳይመንድ ባክ ሞዝ የሚባለው ነው። ለጥቅል ጎመን ትልቅ መቅሰፍት ነው፤ ለጎመን ዘር ግን ካልበዛ አትደንግጥ። ኬሚካልን ቶሎ የሚለምድ ትል ነው፤ ገና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ዲዲቲን ተቋቁሟል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግመህ አትርጭበት። ለእሱ የሚሻለው ቢቲ የሚባለው ከባክቴሪያ የሚሠራ ዱቄት ነው፤ ንብንም ተርብንም አይነካም። ዲዲቲ በግልጽም በድብቅም የሚሸጥልህ ቢኖር አትንካው።

ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጥብ፣ ወይም ከጀርባው ነጭ ቡግር ካየህ እሱ በሽታ እንጂ ተባይ አይደለም። መከላከያው ንጹሕ ዘርና ቦታ ማፈራረቅ ነው። ዘንድሮ አምና በተዘራበት ቦታ ላይ አትመልሰው። ሦስት ዓመት ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንች እያልክ አፈራርቅ። በነገራችን ላይ ከጎመን ዘር በኋላ ስንዴ ወይም ገብስ ደህና ይሆናል፤ ሥሩ ሲበሰብስ የሚያወጣው የሰናፍጭ ሽታ በአፈር ውስጥ ያሉ አንዳንድ የእህል በሽታዎችን ያዳክማል። በበጋ በጓሮህ የሚቆየው ጎመንም ክሽክሹን ለቀጣዩ ክረምት የሚያሻግር ድልድይ ነው። ሰኔ ሳይገባ አሮጌውን ጎመን ነቅለህ አስወግድ። ጎረቤትም ቢያደርገው ደግሞ እጥፍ ይጠቅማል።

ዘር ስትገዛ በምርምር የወጡ ዝርያዎች መኖራቸውን ጠይቅ። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡ የሎ ዶዶላ፣ ሆለታ-1 እና ኤስ-67 የሚባሉ አሉ። ካላገኘህ የአካባቢህም ዘር ይሆናል፤ ከሰናፍጭ የተደባለቀ እንዳይሆን ግን በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተህ እይ።

አጨዳው ብዙ አያስቸግርህም። ጎመን ዘር ዛላው ቶሎ አይፈነዳም። የታችኞቹ ዛላዎች ቢጫ ሆነው ውስጣቸው ያለው ዘር ሲጠነክር ጠዋት በጤዛ እጨደው፣ ከምረው፣ አድርቀህ ውቃው። ዘይቱን ካስጨመቅህ ፋጉሎውን ለከብት ብቻውን በብዛት አትስጥ፤ ያ የሚሰነፍጠው ነገር ሲበዛ እንቅርት ያመጣባቸዋል። ከድርቆሽ ጋር በጥቂቱ ቀላቅል፤ የተረፈው ለመሬቱ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ዘይቱም ኤሩሲክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት ስለሚበዛበት ቤት ውስጥ ብቸኛ የምግብ ዘይት ባታደርገው ይሻላል።

አንድ ሥራ ደግሞ ከእናትህ ጋር ሥራው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ማሳው ውስጥ ግቡና ክሽክሽ ያልነካቸው፣ ዛላቸው የሞላ፣ ግንዳቸው የጸና ሃምሳ ያህል ተክሎች ምረጡ። ቀይ ክር እሰሩባቸው። ሌላው ሲታጨድ እነሱን ለብቻ አጭዳችሁ ለብቻ ውቁ። የሚቀጥለው ሰኔ ዘር ከእነሱ ይሁን።